አርባ አንድ «እርስዎ»

ልጄ በረንዳው ሲሚንቶ ላይ በሆዷ ተኝታ መምህራኖቿ ላይ ትፈርዳለች። ስልኳን በአውራ ጣቷ ነካ ታደርጋለች፤ ስልኩ «ጢቅ» ይላል፤ አንድ መምህር አለቀለት። እንደገና «ጢቅ»፤ ሌላው ተከተለ። ጊዜው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ድሬዳዋ በግንቦት፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ምን እንደምትመስል እንዴት ብዬ ላስረዳህ? ጥላ ራሱ ጥላ ፍለጋ ግድግዳ ሥር ይገባል። የጎረቤቴ ዶሮዎች እንቁላል የሚጥሉት ቀቅለው ነው፤ እኛ ጨው ብቻ ነው የምንነሰንስበት። መብራት ጠፍቷል፣ ቬንቲሌተሩ ቆሟል፤ እኔ በካናቴራና በሽርጥ ወንበር ላይ ተዘርግቼ ደክሞኛል። ሥራ ሠርቼ እንዳይመስልህ፤ ዛሬ ከወንበሩ የተነሳሁት ወንበሩን ወደ ጥላ ለመጎተት ብቻ ነው። ሃምሳ ዓመት ሲጠጋህ ድካም ፈቃድ ጠይቆ አይመጣም።

«አባ» አለችኝ ቀና ሳትል፤ «ለዚህኛው ስንት ልስጠው?»

«ምን ያስተምራል?»

«እኔ እንጃ። ስሙ ላይ ዶክተር የሚል አለ።»

«ምን አድርጎሽ ነው?»

«ምንም አላደረገኝም። ግን እሱን ሳልሞላ ውጤቴን አያሳየኝም። ሦስት ይበቃዋል አይደል?»

ጢቅ። ሦስት ሰጠችው። ሰውየው ይሄኔ እንደ እኔ በሽርጥ ተዘርግቶ፣ ሦስት እንደተሰጠው ሳያውቅ ላቡን እየጠረገ ይሆናል። ያቺ «ጢቅ» ግን ጆሮዬ ውስጥ ገብታ አልወጣ አለች። የጽሕፈት መኪና ድምፅ ሆነችብኝ። የጽሕፈት መኪናው ደግሞ ብቻውን አልመጣም፤ የስቴንስል ቀለም ሽታውን አስከትሎ መጣ። ያንን ሽታ ታውቀዋለህ? ወረቀቱ ገና ትኩስ እያለ አፍንጫህ ላይ ለጥፈህ የምትስበው፣ ላምባ ላምባ የሚል ሽታ። እኛ ከማንበባችን በፊት እናሸት ነበር፤ አንዳንዶቻችን በማሽተት ብቻ ነው የተመረቅነው።

እኛም በጊዜያችን መምህር ገምግመናል። ግምገማውን የመራሁት እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ ሳስበው ወገቤን ያመኛል።

ከመቀጠሌ በፊት አንድ ይቅርታ ልጠይቅህ። ከጀመርኩ ጀምሮ «አንተ» እያልኩህ ነው። ፊትህን አላየሁም፣ ዕድሜህን አላውቅም፤ ምናልባት ሽበትህ ከእኔ ይብስ ይሆናል። የድሬ ልጅ ነኝ፤ አፌ የለመደው ይሄንን ነው። የምነግርህም ስለዚሁ ነው።

ኮሌጃችን ከባቡር ሐዲዱ ወዲያ፣ ጣሪያቸው ቆርቆሮ የሆነ ሦስት ረጃጅም ቤቶች ነበር። ጠዋት ክፍል ስትገባ ተማሪ ነህ፤ ቀትር ላይ ስትወጣ ዳቦ ነህ። የእኛ ትምህርት «የጽሕፈትና የቢሮ አስተዳደር» ይባላል። አርባ አንድ ነበርን። የክፍሉ ተጠሪ እኔ ነበርኩ፤ የተመረጥኩት በችሎታዬ አይደለም፣ በጩኸቴ ነው። ግቢው መሐል አንድ የኒም ዛፍ ነበረች። ከክፍል እንደወጣን እሷ ሥር እንሰየማለን፤ መምህራን አንድ በአንድ ይቀርባሉ፣ ይከሰሳሉ፣ ይፈረድባቸዋል። እነሱ ግን አያውቁም፤ የመምህራን ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ሻያቸውን ይጠጣሉ።

የኢኮኖሚክሱ መምህር ከጥቁር ሰሌዳው ጋር ትዳር ነበረው። ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ አያውቅም። አንድ ዓመት ሙሉ ስንማር የምናውቀው ማጅራቱን ስለሆነ፣ ከዚራ ሰፈር ከፊት ለፊታችን ሲመጣ ሰላም አንለውም፤ አልፎን ሲሄድ ነው «ውይ፣ መምህር ነው ለካ!» የምንለው። የሒሳቧ መምህርት ደግሞ ከመፍጠኗ የተነሳ፣ ብዕርህ ወድቆ ጎንበስ ብለህ ስትነሳ አንድ ምዕራፍ አልፎሃል። አንድ ልጅ ሁለት ጊዜ አስነጠሰው፤ ሴሚስተሩ አመለጠው። የእንግሊዝኛው መምህር «አንደርስቱድ?» ይለናል፤ «የስ!» እንለዋለን። በዚህች ስምምነት ማንም ማንንም ሳይነካ በሰላም ኖርን።

ዋናዋ ፈራጅ የመጋላዋ ልጅ ነበረች። አባቷ መጋላ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ይሸጣል። ከእናቷ ጋር በኦሮምኛ፣ ከጎረቤት ጋር በሶማልኛ፣ ከእኛ ጋር በአማርኛ ትጣላለች፤ በሦስቱም ታሸንፋለች። በኢኮኖሚክሱ መምህር ላይ የሰጠችውን ፍርድ እስካሁን አልረሳሁትም። «ወላሂ ይሄ ሰውዬ ዕውቀት አለው» አለች፤ «ግን ይዞት ይመጣል፣ ይዞት ይሄዳል።»

በሁለተኛው ዓመት መጀመሪያ አዲስ መምህር መጣልን። የቢሮ ደብዳቤ አጻጻፍ ሊያስተምረን ነው። ከደጋ የመጣ፣ ቀጭን፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነበር። የለበሰው ግን... እንዴት ልበልህ? ገበር ያለው ወፍራም የሱፍ ኮት፣ ከውስጡ ሹራብ፣ አንገቱ ላይ ክራቫት። በዚያ ሙቀት! ሲያልፍ የናፍታሊን ሽታ ከኋላው ይከተለዋል። እሱን አይተን ነው ያላበን። ስም ለማውጣት ደቂቃም አልፈጀብንም፤ «ብርድ ልብስ» አልነው።

በመጀመሪያው ቀን የመጋላዋ ልጅ እጇን አወጣች።

«አንተ» አለችው፤ «ፈተናው ደብተር ተከፍቶ ነው ተዘግቶ?»

ሰውየው ጠመኔውን እንደያዘ ቀረ። ሌላ ሰው የገባ መስሎት ወደ በሩ ዞሮ አየ።

«ማንን ነው የምትጠሪው?»

«አንተን ነዋ!»

«እኔን? እኔን ነው አንተ?»

«ታዲያ ማን ልበልህ፣ አንቺ?»

ቆርቆሮው እስኪነሳ ሳቅን። እሱ ሳቃችን እስኪያልቅ ጠበቀ። ከዚያ ሰሌዳው ላይ በትልቁ «እርስዎ» ብሎ ጻፈና ሁለት ጊዜ አሰመረበት።

«መምህር፣ አለቃ፣ በዕድሜ የገፋ ሰው እንዲህ ነው የሚጠራው» አለ። «ደብዳቤ የሚጀመረው ከዚህ ነው።»

«እኔ አባቴንም አንተ ነው የምለው። አባቴ ሐጂ ነው» አለች።

«እኔ አባትሽ አይደለሁም።»

«ከአባቴ ትበልጣለህ እንዴ?»

ቀሪውን ሰዓት ስለ ኅዳግ አስተማረን፤ ከግራ ስንት ጣት፣ ከቀኝ ስንት ጣት።

ነገሩን ላስረዳህ። በእኛ ከተማ «አንተ» ስድብ አይደለም። ቄሱም ሼኩም፣ የቀበሌው ሊቀመንበርም ጫኝና አውራጁም «አንተ» ነው። አያቴን «አንተ» እያልኩ ነው ያደግኩት፣ «አንተ» እያልኩ ነው የቀበርኩት። «እርስዎ» የምንለው የማናውቀውን ሰው ነው፤ ወይም ከእንግዲህ ልናውቀው የማንፈልገውን። ጎረቤትህ አንድ ቀን ጠዋት በአጥር ላይ «እንደምን አደሩ?» ካለህ ነገር ተበላሽቷል። ወይ ፍየልህ ልብሱን ከገመድ ላይ በልታበታለች፣ ወይ ልጅህ መስኮቱን ሰብሮበታል። ሽማግሌ መፈለግ ነው ያለብህ።

ብርድ ልብስ ይሄንን አያውቅም። እኛም ስለ እሱ አገር ምንም አናውቅም ነበር። «አንተ» ባልነው ቁጥር ፊቱ እንደ በርበሬ ይቀላል፤ ሰሌዳው ላይ ያለችውን ቃል በጠመኔው ሁለት ጊዜ ይመታታል። ቃሏን ከሰሌዳው ጥግ አያጠፋትም ነበር። የሒሳቧ መምህርት ስንት እኩልታ በዙሪያዋ ጽፋ አጥፍታለች፤ «እርስዎ» ግን ካለችበት አልተነቃነቀችም።

የመጀመሪያው የቤት ሥራ ለሥራ አስኪያጅ የፈቃድ መጠየቂያ መጻፍ ነበር። እኔ ያኔ ለሳቅ ነፍሴን የምሸጥ ልጅ ነኝ። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ለክቡር ሥራ አስኪያጅ። ጉዳዩ፦ ፈቃድን ይመለከታል። አቦ እንዴት ነህ? ሙቀቱ ጨረሰኝ። ሐርላ ዘመድ ጋ ሦስት ቀን ሄጄ ልምጣ። እምቢ ካልክም ሄጃለሁ።» ወረቀቱ ሲመለስ ከላይ በቀይ ዜሮ አለበት። ከሥሩ «አቦ ማዕረግ አይደለም» ይላል። ከዚያ ሥር ደግሞ በጣም ደቃቅ በሆነች ጽሕፈት፣ «ቀልድህን አትተው፤ ቦታውን ፈልግለት» የሚል ነበር።

ወረቀቱን ይዤ ዛፏ ሥር ሄድኩ። ልጆቹ ዜሮዬን አይተው በሳቅ ሞቱ። የመጋላዋ ልጅ ግን የራሷን ወረቀት ዘረጋች፤ የእሷም ከዳር እስከ ዳር ቀይ ነው። የሌላውም እንደዚያው። በዚያ ኮሌጅ የጻፍነውን አንብቦልን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። አንዱ ልጅ ለሌላ መምህር ባስገባው ወረቀት መሐል የሽሮ አሠራር ጽፎ ሰባት ከአሥር አግኝቷል።

«አቦ ይሄ ብርድ ልብስ ያነባል!» አለች።

ፍርዱ በዚያ ቀን ተለወጠ። «ያነባል» ከእኛ ዛፍ ሥር ለመምህር የተሰጠ ትልቁ ማዕረግ ነበር።

ለካ ጮክ ብዬ ነው የማወራው፤ ልጄ ስልኳን ደረቷ ላይ አድርጋ ታዳምጠኛለች። «የእኛን እኮ ኮምፒውተር ነው የሚያርመው» አለችኝ። መብራት መጣ፤ ቬንቲሌተሩ ሁለት ጊዜ ዞሮ መብራቱ መልሶ ሄደ። በቃ ሰላም ሊለን ነው የመጣው።

የት ደረስኩ? አዎ፣ ወባ። ጥቅምት ላይ ብርድ ልብስን ወባ ጣለችው። ለእኛ ወባ እንደ ጎረቤት ናት፤ ትመጣለች፣ ትሄዳለች። እሱን ግን ስላላወቀችው ጨከነችበት። ሳምንት ሙሉ ሲቀር አምስት ሆነን ልንጠይቀው ሄድን። የመጋላዋ ልጅ እናቷን አስከትላ መጣች፤ እናትየው በፔርሙስ የፍየል ሾርባ ይዘዋል። (ይኸው፤ ስለ እሳቸው ስናገር «ይዘዋል» አልኩ። ያበላሸኝ እሱ ነው።) የተከራየው ከዚራ ውስጥ፣ ከአንድ ትልቅ ቤት ጓሮ ያለች አንዲት ክፍል ነው። ኮቱ ሚስማር ላይ ትከሻውን ነፍቶ ተሰቅሏል፤ ባለቤቱ አልጋው ላይ እንደ ክር ቀጥኖ ተኝቷል። ያለ ኮት ያየነው ያኔ ነው። ልጅ ነበር ለካ። ከሠላሳ ብዙም አያልፍም።

እናትየው አማርኛቸው አጭር ነው፤ ግን የሚፈልጉትን ያህል አላቸው።

«አንተ!» አሉት በሩ ላይ ቆመው፤ «ተነሳ! ብላ! እናት የለህም? እናት ያለው ሰው እንዲህ ይከሳል?»

አሁን ሰሌዳ ሊፈልግ ነው ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን በክንዱ ተደግፎ ተነሳና ማንኪያውን ተቀበለ። በላ። በበላ ቁጥር ዓይኑ ውኃ ይሞላል፤ ቃሪያው ነው ብለን አለፍነው። ሳህኑን ሲጨርስ ቀና ብሎ፣

«ትንሽ ይጨምሩልኝ» አላቸው።

ሴትየዋ ዞር ብለው ወደ ኋላቸው አዩ። «ይጨምሩልኝ? እነማን? እኔ አንድ ነኝ!»

እሱ ሳቀ። ሲስቅ ያየነውም ያኔ ነው። ሳቁ አልጋውን አንቀጠቀጠው፣ ትኩሳቱም አብሮ አንቀጠቀጠው፤ የቱ የቱ እንደሆነ አይለይም። «ጨምሪልኝ» አላቸው በመጨረሻ፣ ከባድ ነገር እንደሚያነሳ ሰው። ጨመሩለት።

ሲድን በአጭር እጅጌ ሸሚዝ መጣ። ክራቫት የለም፣ ናፍታሊንም የለም። ሰሌዳውን መምታት ተወ። አንድ ቀን ቃሏ ራሷ ከሰሌዳው ጥግ ጠፍታ አገኘናት፤ ማን እንዳጠፋት አናውቅም። «አንተ» ስንለው ዝም ብሎ ይመልስልናል። ይሄ ነገር ዛፏ ሥር ትልቅ ክርክር አስነሳ።

«ወዶት ነው» አለች የመጋላዋ ልጅ።

«ሰልችቶት ነው» አልኩ እኔ። «ደገኛ እኮ ነው። ለእሱ ‹አንተ› ማለት ጥፊ ነው። ሰው በየቀኑ በጥፊ ሲመታ መጨረሻ ላይ ጉንጩን መሸሸግ ይተዋል እንጂ መመታቱን አይወደውም።»

«አንተ ወሬ ታውቃለህ፣ ሰው አታውቅም» አለችኝ። እኔ ግን እርግጠኛ ነበርኩ። በሕይወቴ እርግጠኛ ሆኜ የተናገርኩትን ሁሉ ብትሰበስበው ከዚህ እስከ ጅቡቲ የሚደርስ ስህተት ይወጣዋል።

በዚያው ሰሞን ስለ ስንብት ደብዳቤ አስተማረን። «ሰው ስታሰናብቱ አክብራችሁ አሰናብቱ» አለ። «‹እርስዎ እስከ ዛሬ ላበረከቱልን አገልግሎት ከልብ እያመሰገንን፣ ወደፊትም መልካሙ ሁሉ እንዲገጥምዎ እንመኛለን› በሉ። ማሰናበት ሲከብዳችሁ ቋንቋው ይሸከምላችኋል።» እንዴት ያማረ ዓረፍተ ነገር ነው! ሁላችንም በቃላችን ያዝነው። እኔ ለዳቦ ቤቱ ሰውዬም ተጠቅሜበታለሁ፤ ደንግጦ ሁለት ዳቦ ጨመረልኝ።

የትምህርት ዓመቱ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው የትምህርት ክፍሉ ጸሐፊ ጠራችኝ። ደግ ሴት ናት፤ ወሬ ግን ሆዷ ውስጥ አያድርላትም። ያቺን የጽሕፈት መኪና እያንቋቋች፣ ቀና ሳትል ነገረችኝ። ብርድ ልብስ ከአገሩ ደብዳቤ መጥቶለታል። ቤተሰቦቹ ያሉበት ከተማ ዝውውር ተፈቅዶለታል፤ ከፈረመ ይሄዳል።

«ይፈርማል?» አልኳት።

«ልጆቹ የሚሉትን ልየው ብሏል። ዓርብ የእናንተን ግምገማ ያነባል፤ ከፈለጋችሁት ይቀራል። ብቻ አንተ፣ እኔ ነገርኩህ ብትል...» ጣቷን በአንገቷ ላይ አሳለፈች። ከዚያ ጢቅ ጢቅ አደረገችና የግምገማውን ቅጽ ከነስቴንስሉ አወጣች። ከአንድ እስከ አምስት፤ ከሥሩ «ተጨማሪ አስተያየት»።

እውነቱን ልንገርህ። እንዲሄድ አልፈለግሁም። እኔን ሰው ሁሉ ለሳቅ ነበር የሚፈልገኝ፤ ስቆ ሲጨርስ ፊቱን ያዞራል። ቀልዴን በቀይ ብዕር ያረመልኝ፣ ይሄን ቃል ብትለውጠው ይበልጥ ያስቃል ያለኝ ሰው እሱ ብቻ ነው። የመጋላዋ ልጅም አልፈለገችም፤ ስለ እሷ ምክንያቱን አላውቅም፣ ጠይቄያትም አላውቅም። አርባ አንዳችንም አልፈለግንም።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ሐሳብ ሲመጣልኝ ሮጦ የሚያመልጥ ሰው ነው ጤነኛ።

ሐሙስ ከሰዓት ልጆቹን ሰብስቤ የክፍሉን በር ዘጋሁ። «ስሙ» አልኳቸው፤ «ይሄ ሰውዬ ዓመቱን ሙሉ አንዲት ነገር ለመነን፤ አልሰጠነውም። ነገ እንስጠው። አርባ አንዳችንም ‹እርስዎ› ብለን እንጻፍለት። ሲያነበው ያለቅሳል! ከዚህ ከተማ በክሬንም አይነቀልም!»

ጨበጨቡልኝ። ሰሌዳው ላይ ምሳሌ ጻፍኩላቸው። የምናውቀውን ሁሉ ያማረ ቃል ከየደብተሩ እየለቀምን ደረደርነው፤ ያማረ ቃል የምናውቀው ደግሞ ከእሱ ነው። «ክቡር መምህራችን፦ እርስዎ እስከ ዛሬ ላበረከቱልን ትምህርት ከልብ እያመሰገንን...» ቀጥሎ ያለውን ታውቀዋለህ።

የመጋላዋ ልጅ ብዕሯን አስቀመጠች።

«እኔ እርስዎ አልለውም።»

«ለምን?»

«ምን አደረገኝ?»

«ለክብሩ ነው እኮ!»

«ተጣልቼዋለሁ? አልተጣላሁም። ታዲያ ለምን?»

ሁሉም ተንጫጫባት። ክፍሉን ልታዋርጂ ነው አሏት፣ ሰውየውን ልታስኬጂብን ነው አሏት። በመጨረሻ ተናዳ ጻፈችና ወረወረችልኝ። አነበብኩት። «እርስዎ አትሂድ። እኛ ጋ ቁጭ በል» ይላል። ወረቀቱ ላይ ሌላ ምንም የለም።

እኔ ምን አደረግሁ መሰለህ? አረምኩት። ቀይ ብዕር እንኳ ፈልጌ ነው። «አንደኛ፣ ‹እርስዎ› ካልሽ ‹አትሂድ› አይሆንም፤ ሰዋስው የሚባል ነገር አለ። ሁለተኛ፣ መሄዱን እንዳወቅን ካወቀ ጸሐፊዋ አለቀላት» አልኳት። አዲስ ቅጽ ሰጠኋት። ዓይኗን አፍጥጣ አየችኝና ከሰሌዳው ላይ ቃል በቃል ገለበጠች። የመጀመሪያውን ወረቀት ቀድጄ ጣልኩት። አርባ አንድ ቅጽ፣ አርባ አንድ «እርስዎ»፣ አንዲት ስህተት የለባቸውም። እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ሰኞ ጠዋት ጸሐፊዋ ግቢው በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

«እናንተ ልጆች፣ ምን በደላችሁ?» አለችኝ።

«ማን?»

«መምህሩ ነዋ! ዓርብ እዚሁ አጠገቤ ተቀምጦ አነበበው። የመጀመሪያዎቹን ፈገግ ብሎ ነው ያነበበው። ከዚያ መገላበጥ ጀመረ። አንዱን አንስቶ ያየዋል፣ ያስቀምጠዋል፤ ሌላ ያነሳል። ‹ሌላ የለም?› አለኝ። ‹አርባ አንድ ነው፣ ሙሉ ነው› አልኩት። ‹አንድ እንኳ አንተ ያለኝ የለም?› አለኝ። እኔ ምኑ ገብቶኝ! ‹የስንብት ደብዳቤዬን ነው የጻፉልኝ› አለ። ‹በደንብ ጽፈውታል፤ እኔ ነኝ ያስተማርኳቸው› አለ። ከዚያ ፈረመ። ቀትር ላይ ደብዳቤው በአውሮፕላን ፖስታ ወጣ።»

ምን እንደተሰማኝ አልነግርህም፤ ቃል ቢኖረኝ ቀልድ አደርገውና አበላሸው ነበር። ብቻ አንድ ነገር ልበልህ። እሱ ዓመቱን ሙሉ ከደጋው ወደ እኛ ሲወርድ ነበር፣ ኮቱን እያወለቀ፣ ቃሏን እያጠፋ። እኛ ደግሞ በአንድ ከሰዓት ተሰብስበን ወደ እሱ አገር ወጣን። መንገድ ላይ ተላለፍን።

ሰባት ስምንት ሆነን በፀሐዩ ወደ ከዚራ ሮጥን። በሩ ክፍት ነው። ሻንጣው አልጋው ላይ ተከፍቶ ተቀምጧል፤ መጽሐፎቹን በገመድ እያሰረ ነበር። ሲያየን ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ሸሚዙን አስተካከለ።

የመጋላዋ ልጅ ቀደመችን። «አንተ!» ብላ ጮኸችበት፤ «አንተ ሰውዬ፣ ምን ነካህ? ማን ሂድ አለህ?»

ፊቱን ብታየው! ሰው ጨለማ ቤት ውስጥ መስኮት ሲከፈትበት እንደሚሆነው ሆነ።

«እናንተ ናችሁ ያላችሁኝ» አለ ቀስ ብሎ።

«እሱ ነው! ይሄ ነው!» ወደ እኔ ጠቆመች። «እርስዎ ካልን ይደሰታል አለን። እኔ አትሂድ ብዬ ጽፌ ነበር፤ አርሞ ቀደደብኝ!»

ተራዬ ሆነ። ተንተባተብኩ፤ ለማክበር ብለን ነው አልኩ፣ ዓመቱን ሙሉ ስትለምነን አልሰጠንህም ብለን ነው አልኩ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና በሁለት እጁ ፊቱን ሸፈነ። ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ቆይቶ ፊቱን ሲገልጥ እየሳቀ ነበር፤ ዓይኑ ግን ረጥቧል።

«እኔን ለማክበር» አለ። «እኔ ደግሞ... እናቴ እንኳ ተምሬ ከተመለስኩ ወዲህ ‹አንተ› ብላኝ አታውቅም። እዚህ ነው ያገኘሁት። ያቺ ሾርባ ያመጣችልኝ ሴት...» አልጨረሰውም።

«ደብዳቤውን አስመልሰው» አለች የመጋላዋ ልጅ።

«ደብዳቤ ከወጣ ወጣ። ዛሬ ጠዋት ስልክ ደውለው አረጋግጠውልኛል። እዚህም በእኔ ቦታ ሌላ ሰው መድበዋል።»

ከውጭ አንድ ሰው በሶማልኛ ወተት ወተት እያለ አለፈ።

ከዚያ በኋላ አላየሁትም። የት እንዳለ አላውቅም፤ ጡረታ ወጥቶ ይሆናል፣ ኮቱንም መልሶ ለብሶት ይሆናል። ልጄ ስልኳን መልሳ አንስታለች። አንድ የቀራት መምህር አለ፤ ጣቷ ስክሪኑ ላይ ቆሟል።

ያን ቀን ግን በየተራ ጨበጠን። ልጆቹ አንድ በአንድ ቀረቡ። «አንተ፣ ደርሰህ ጻፍልን» አለው አንዱ። «አንተ፣ እዚያ ስትሄድ አትርሳን» አለው ሌላው። የመጋላዋ ልጅ እጁን ይዛ አልለቅ አለች። «አንተ፣ መንገድ ላይ ውኃ ጠጣ። ውኃ አትጠጣም አንተ» አለችው። በእያንዳንዱ «አንተ» ራሱን ዝቅ ያደርጋል፤ ሽልማት እንደሚቀበል ሰው።

የመጨረሻው እኔ ነበርኩ። ቃሉን አዘጋጅቼዋለሁ፤ አፌ ላይ ነው ያለው፤ አፌን ከፈታሁበት ቀን ጀምሮ ስለው የኖርኩት ቃል ነው። እጄን ዘረጋሁ፤ ዓይኑን አየሁት። ሐፍረቱ ቀደመኝ መሰለኝ፤ ከአፌ የወጣው ሌላ ሆነ።

«መልካም መንገድ ይሁንልዎ» አልኩት።

የመጋላዋ ልጅ ዓይኗን ጨፈነች። እሱ እጄን እንደያዘ ትንሽ አየኝ፤ በሌላው እጁ የሸሚዜን ኮሌታ አስተካከለልኝ።

«ልክ ነው» አለኝ። «ምንም ስህተት የለበትም።»